«ለልጅ ይህን ያህል ገንዘብ?»፦ ስለ ታዳጊ ተጫዋቾች ዝውውር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የእንግሊዝ ክለቦች የበጋ የዝውውር መስኮት በእኛ አገር ክረምት ላይ ይውላል። ሰኔ ውስጥ ይከፈትና ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ይዘጋል። ከእነዚያ ሳምንታት በአብዛኞቹ የሊግ ጨዋታ ስለማይኖር፣ በስታዲየም ዙሪያና በፒያሳ ቡና ቤቶች ዝናቡን ተጠልሎ የሚቀመጠው ደጋፊ ማኪያቶው እስኪቀርብለት ድረስ የሚያነሳው ጉዳይ ክለቡ ማንን ሊያስፈርም ነው የሚለው ብቻ ነው። ስሙ የተነሳው ተጫዋች የ19 ወይም የ20 ዓመት ልጅ ከሆነ ደግሞ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይባላል። ጥርጣሬው መሠረት የለውም ብዬ አላምንም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በማይገባው ቦታ ላይ ስለሆነ፣ በጠረጴዛችን ዙሪያ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች በየተራ ማየት እወዳለሁ። የተጫዋቾቹን ዝውውር የሚመለከቱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

«ዋንጫ የሚያመጣው የበሰለ ተጫዋች ነው፤ ልጅ መሰብሰብ ጊዜ ማባከን ነው»

በዚህኛው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ የምቆየው በ2021 እኔ ራሴ አጥብቄ ይዤው ስለነበር ነው። የምደግፈው ክለብ አርሰናል በዚያ ክረምት ስድስት ተጫዋቾችን ገዛ፤ ከስድስቱ ከ23 ዓመት በላይ የሆነ አንድም አልነበረም። ቤን ዋይት 50 ሚሊዮን ፓውንድ ሲወጣበት በፕሪሚየር ሊጉ የተጫወተው አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነበር። ግብ ጠባቂው አሮን ራምስዴል በመጀመሪያ ከበርንማውዝ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ከሼፊልድ ዩናይትድ ጋር ከሊጉ የወረደ ልጅ ነበር። ማርቲን ኦዴጋርድ በ16 ዓመቱ ሪያል ማድሪድ ገብቶ፣ ከዚያ በኋላ በውሰት ከክለብ ክለብ ሲዞር የቆየ ነው። የተቀሩት ሦስቱ፣ ማለትም ታኬሂሮ ቶሚያሱ፣ አልበርት ሳምቢ ሎኮንጋ እና ኑኖ ታቫሬዝ፣ ለአብዛኞቻችን ስማቸው እንኳ አዲስ ነበር።

የውድድር ዘመኑ ሲጀመር ቡድኑ በብሬንትፎርድ 2 ለ 0፣ በቼልሲ 2 ለ 0፣ በማንቸስተር ሲቲ 5 ለ 0 ተሸነፈና አንዲት ግብ እንኳ ሳያስቆጥር የደረጃ ሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ጨዋታ የምንመለከተው ፒያሳ ውስጥ በነበረ ቤት ነበር። በዕድሜ ታላቃችን የሆኑና ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንድ ደጋፊ፣ የሲቲው ጨዋታ እንዳለቀ ኮታቸውን እየለበሱ «ልጆቼ፣ እነዚህ አድገው እስኪደርሱ እኔ በሕይወት መኖሬን እንጃ» አሉን። ከመካከላችን የተቃወማቸው አልነበረም።

የመጀመሪያው ድል የመጣው በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ኖርዊች ላይ በተቆጠረች አንዲት ግብ ነው። ራምስዴልና ቶሚያሱ በሊጉ ለክለቡ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ያደረጉትም በዚያው ቀን ነበር። ቡድኑ ያን ዓመት በአምስተኛነት አጠናቀቀ፤ በተከታዮቹ ሦስት የውድድር ዘመናት፣ ከ2022/23 እስከ 2024/25፣ በተከታታይ ሁለተኛ ሆነ። ኦዴጋርድ በ2022 አምበልነቱን ተረከበ፤ ስንዘባበትበት የከረምነው ራምስዴልም የእንግሊዝ ተጫዋቾች ማኅበር ለ2022/23 በመረጠው የዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ ተካተተ።

ሁለተኛነት ዋንጫ አይደለም የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። ሎኮንጋና ታቫሬዝ ቦታቸውን ማግኘት አልቻሉም፤ ራምስዴልም ከዚያ ምርጫ በኋላ በነበረው ዓመት ቦታውን ለዳቪድ ራያ ለቅቆ በ2024 ወደ ሳውዝሃምፕተን ሄዷል። ልጆቹ ብቻቸውን ይበቁ ነበር ማለትም አይቻልም፤ ክለቡ በኋላ ጋብሪኤል ጄሱስን፣ ዚንቼንኮንና ጆርጊኒሆን የመሰሉ ዋንጫ ያነሱ ተጫዋቾችን ጨምሮባቸዋል። ሆኖም የቡድኑ መሠረት የተጣለው እኛ ጊዜ ማባከን ባልነው ክረምት ነው። አንድ ክለብ ስድስት ልጆችን ሲገዛ ስድስቱም ይሳካሉ ብሎ አይደለም፤ ሦስቱ ወይም አራቱ ከተሳኩ የቀሩትን ኪሳራ ይሸፍናሉ ብሎ ነው። እኛ ግን ያልተሳካውን አንዱን ነጥለን ስሙን ለዓመታት እያነሳን በሁሉም ላይ እንፈርዳለን።

«ዋጋው የጥራቱ ልክ ነው»

ለዚህ የ2019 ክረምት በቂ መልስ ይሰጣል። አርሰናል በዚያ መስኮት የ24 ዓመቱን ኒኮላ ፔፔን ከሊል በ72 ሚሊዮን ፓውንድ፣ የ18 ዓመቱን ዊሊያም ሳሊባን ከሴንት ኤቲየን በ27 ሚሊዮን፣ እንዲሁም ኢቱዋኖ በተባለ የብራዚል ክለብ ይጫወት የነበረውን የ18 ዓመቱን ጋብሪኤል ማርቲኔሊን በ6 ሚሊዮን ገደማ አስፈረመ። ደስታችን እንደ ዋጋቸው ቅደም ተከተል ነበር፤ ለማርቲኔሊ የተደሰተ ሰው አላስታውስም። ፔፔ ጥሩ ጊዜያት ነበሩት፣ በ2020/21 በሁሉም ውድድሮች 16 ግቦችን አስቆጥሯል፤ ይሁን እንጂ በ2023 ውሉ በስምምነት ተቋርጦ ያለ ዝውውር ክፍያ ሄደ። ሁለቱ ልጆች ግን የቡድኑ ምሰሶዎች ሆኑ። የዝውውር ዋጋ የሚናገረው ሻጩ ምን ያህል እንደተደራደረ፣ ከውሉ ስንት ዓመት እንደቀረውና ስንት ክለብ ተጫዋቹን እንደፈለገው ነው። ተጫዋቹ ነገ ምን እንደሚሆን የሚያውቀው ነገር የለም።

«ያ ሁሉ ሚሊዮን በአንድ ቀን ከካዝና ወጣ»

ይህ የሒሳብ ጉዳይ ስለሆነ አጠር አድርጌ ልለፈው። አብዛኛው የዝውውር ዋጋ በየዓመቱ ተከፋፍሎ የሚከፈል ነው፤ ከፊሉም ተጫዋቹ ይህን ያህል ጨዋታ ካደረገ ወይም ክለቡ ዋንጫ ካነሳ ብቻ የሚከፈል ተጨማሪ ነው። በክለቡ መዝገብ ላይ ደግሞ ዋጋው ለውሉ ዘመን ተካፍሎ ይጻፋል፤ 50 ሚሊዮን ፓውንድ የወጣበት ልጅ ለአምስት ዓመት ቢፈርም የዓመቱ ወጪ 10 ሚሊዮን ሆኖ ይያዛል። ቼልሲ በጥር 2023 ሚካይሎ ሙድሪክን ለስምንት ዓመት ተኩል ያስፈረመው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የአውሮፓ እግር ኳስ የበላይ አካል የሆነው ዩኤፋ፣ በመቀጠልም በታኅሣሥ 2023 የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች፣ ዋጋው ከአምስት ዓመት በላይ እንዳይከፋፈል ወስነዋል። ስለዚህ ደጋፊው «ስንት ተከፈለበት?» ብሎ ሲጠይቅ «ለስንት ዓመት ፈረመ?» የሚለውን አብሮ ቢጠይቅ መልሱ የበለጠ ይገለጥለታል።

«ክለባችን ጥያቄ የሚያቀርበው ለይስሙላ ነው»

የመጀመሪያው የግዢ ጥያቄ ውድቅ በተደረገ ቁጥር ክለቡ ከልቡ አልፈለገውም፣ እኛን ለማረጋጋት ነው የሚል ድምዳሜ ይሰጣል። ሞይሴስ ካይሴዶን እንመልከት። ብራይተን ይህን የኢኳዶር አማካይ በ2021 ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ ባነሰ ዋጋ ነበር የገዛው። አርሰናል በጥር 2023 በመጀመሪያ 60፣ ቀጥሎም 70 ሚሊዮን ፓውንድ እንዳቀረበ ተዘግቧል፤ ተጫዋቹ ራሱ እንዲለቁት በይፋ ቢጠይቅም ብራይተን አልሸጥም አለ። በነሐሴ ወር ቼልሲ በ100 ሚሊዮን መነሻ፣ እስከ 115 ሚሊዮን ሊደርስ በሚችል ዋጋ ወሰደው። በጥር ወር ሻጩ ክለብ ተተኪ የሚፈልግበት ጊዜ የለውም፤ በክረምት ግን አለው። ያልተሳካ ጥያቄ ሁሉ የይስሙላ ቢሆን ኖሮ፣ የ70 ሚሊዮኑን ጥያቄ እምቢ ያለው ብራይተን በስድስት ወራት ውስጥ ያን ያህል ልዩነት ባላተረፈ ነበር።

«በውሰት ከተላከ አልተፈለገም ማለት ነው»

ሳሊባ ከተገዛ በኋላ ለአርሰናል ዋናው ቡድን አንድም ይፋዊ ጨዋታ ሳያደርግ ሦስት ዓመት አለፈ። በመጀመሪያ እዚያው ሴንት ኤቲየን፣ ቀጥሎ ኒስ፣ በመጨረሻም ማርሴይ በውሰት ተጫወተ። «ልጁን ገደሉት» የማይል ደጋፊ አልነበረም። የማርሴይ ቆይታው በ2021/22 የፈረንሳይ ሊግ ምርጥ ወጣት ተጫዋች አሰኘው፤ ነሐሴ 5 ቀን 2022 በክሪስታል ፓላስ ሜዳ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ በየሳምንቱ መሰለፍ የለመደ የ21 ዓመት ተከላካይ ነበር። የውሰቱን ጥቅም የሚወስነው ልጁ በሄደበት ክለብ መጫወት አለመጫወቱ ነው። ተቀያሪ ወንበር ላይ ለመቀመጥ የተላከ ልጅ ካለ፣ ያኔ መቆጣት ተገቢ ነው።

«ግብ ካላስቆጠረ አይረባም»

ከማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ጋር በዚህ ስንከራከር ማስረጃው ከእነሱው ቤት ይወጣል። ክርስቲያኖ ሮናልዶ በ2003 ከስፖርቲንግ በ12 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲመጣ፣ ለስፖርቲንግ ዋናው ቡድን ባደረጋቸው 31 ጨዋታዎች ያስቆጠረው አምስት ግቦችን ብቻ ነበር፤ በዩናይትድ የመጀመሪያ ዓመቱም በ40 ጨዋታዎች ስድስት። ሪያል ማድሪድ ገና በ16 ዓመቱ በ45 ሚሊዮን ዩሮ የተስማማበት ቪኒሲየስ ጁኒየርም ለዓመታት በግብ አጨራረሱ ሲሾፍበት ቆይቶ፣ በ2022 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ብቸኛዋን ግብ አስቆጠረ። የ18 ዓመት ልጅን መለካት ያለብን ተጋጣሚውን አልፎ ለመሄድ ስንት ጊዜ እንደሚደፍር፣ ኳስ ከጠፋበት በኋላ ምን እንደሚያደርግና ከየትኛው ደረጃ ሊግ እንደመጣ በማየት ነው። የግብ ቁጥር ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ከደንብ ጋር የተያያዙ ሁለት ስሕተቶችም አሉ። «ለምን እንደ ፋብሪጋስ በ16 ዓመቱ አያመጡትም?» የሚለው ጥያቄ ጊዜው አልፎበታል። ሴስክ ፋብሪጋስ በ2003 ከባርሴሎና የመጣው እንግሊዝ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ሳለች ነው፤ ከጥር 2021 ጀምሮ የእንግሊዝ ክለቦች ከውጭ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ማስፈረም አይችሉም። «ልጁ የሌላውን ቦታ ያጣብባል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ በፕሪሚየር ሊጉ ከ21 ዓመት በታች በሚለው መደብ ውስጥ ያሉ ተጫዋቾች ክለቡ ከሚያስመዘግበው የ25 ተጫዋቾች ዝርዝር ውጭ ሆነው መሰለፍ ይችላሉ።

«የሚጠራጠር ደጋፊ እውነተኛ ደጋፊ አይደለም»

ይህ ደግሞ ከሌላው ወገን የሚሰነዘር ስሕተት ነው፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝም እርሱ ነው። ደሞዙ ሳይተርፈው የዲኤስቲቪ ቤቱን መግቢያ የሚከፍልና በዝናብ ከአራት ኪሎ በእግሩ ወርዶ ጨዋታ የሚያይ ሰው ክለቡን የመጠየቅ መብት አለው። ጥያቄው ግን ልጁ ሲመጣ በእርሱ ቦታ ማን ይጫወታል? አሰልጣኙ ከዚህ በፊት ስንት ወጣቶችን አሳድጓል? አንጋፋው ሲጎዳ ልጁ ይሰለፋል ወይስ በጥር ሌላ ይገዛል? የሚል ቢሆን የልጁን ስምና ዕድሜ ከማጣጣል ይልቅ ክለቡን በትክክል ይመዝነዋል። ለእነዚህ መልስ የሌለው ክለብ የ19 ዓመት ልጅ ሲገዛ አብሬ እጠራጠራለሁ።

«የእነርሱ ዝውውር እኛን አይመለከተንም»

ይመለከተናል። በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአገር አገር ሲዛወር፣ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለእያንዳንዱ የውድድር ዘመን 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ደግሞ 0.5 በመቶ ይታሰባል። አንድን ልጅ ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ያሠለጠነ የአዲስ አበባ ክለብ፣ ልጁ ከዓመታት በኋላ በ10 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ 100,000 ዶላር ይደርሰዋል ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በፕሪሚየር ሊጋችን 29 ግቦችን ያስቆጠረው አቡበከር ናስር፣ በ2022 ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሄድ ይህ መንገድ ለእኛም ክፍት መሆኑ ታይቷል። ድርሻው የሚሰላው ግን ተጫዋቹ በየዓመቱ የት እንደተመዘገበ ከሚያሳየው የፌዴሬሽን መዝገብ ነው፤ ፊፋም ከኅዳር 2022 ጀምሮ ክፍያውን በአንድ ማዕከል በኩል ማስተላለፍ ጀምሯል። ዛሬ ከትምህርት ቤት መልስ የክለብ መለያ ለብሶ ልምምድ የሚሠራው የ12 ዓመት ልጅ ስሙ በመዝገቡ ላይ ካልሰፈረ፣ ያሠለጠነው ክለብ ነገ የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም።