«ስቱዲዮ ያስተካክለዋል» እና ሌሎች ስለ ሙዚቃዊ ፊልም የሚነገሩ ስህተቶች

ሙዚቃዊ ቲያትርን ወደ ፊልም ስለመቀየር ወሬ ሲነሳ፣ ባሕር ዳር ሙሉዓለም አዳራሽ ደጃፍም ይሁን ጣና ዳር ቡና ላይ፣ አንድ ነገር ሳይባል አይቀርም፤ «ብቻ ዝነኛውን እናስፈርም እንጂ ድምፁን ስቱዲዮ ያስተካክለዋል።» ይህን መስማት ሰልችቶኛል። የሚናገሩት ሰዎች ቲያትሩን ይወዱታል፣ ገንዘባቸውንም ያወጡበታል፤ ገንዘቡ የሚቀልጠው ግን እዚችው አባባል ላይ ነው። ከቀላሉ ልጀምርና ወደ እሷ እመጣለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ዝነኛ ከሌለ ሰው አይገባም»

በ2019 የወጣው «ካትስ» የተባለ ሙዚቃዊ ፊልም በዝነኞች የታጨቀ ነበር፤ ከሰረ።

«የፊልም ዝነኛ መዝፈን አይችልም»

ይሄም ልክ አይደለም። በ2002ቱ «ቺካጎ» ኦስካር የወሰደችው ካትሪን ዜታ ጆንስ ፊልም ከመግባቷ በፊት ለንደን መድረክ ላይ ስትዘፍንና ስትደንስ የኖረች ናት። ዝናውን ተዉትና ዜማውን ይሸከማል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

«መድረክ ላይ የተወነው ሰው ካልሆነ አይሆንም»

የቲያትር ወዳጆች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። አሥራ አምስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ተመልካች ጎልማሳው ተዋናይ «ተማሪ ነኝ» ቢለው ያምነዋል፤ መብራቱና ርቀቱ ያግዛሉ። ካሜራ ግን ፊት ላይ ተለጥፎ ይቆማል። ቤን ፕላት ብሮድዌይ (የኒው ዮርክ የቲያትር ሰፈር) ላይ ቶኒ የተባለውን የቲያትር ሽልማት የተሸለመበትን የ«ዲር ኢቫን ሃንሰን» ሚና በ2021 በፊልም ሲደግመው ብዙዎች ያጉረመረሙት በድምፁ ሳይሆን በዕድሜው ነው። አዳራሽ መሙላት የለመደ ሰው በቅርብ ቀረጻ የአንገቱ ሥር ይገተራል፣ ቅንድቡም ይዘላል። ስልክ ግማሽ ሜትር ላይ አቁሙና ያንኑ ዘፈን በሹክሹክታ፣ በንግግር ድምፅ፣ ከዚያም በሙሉ ድምፅ ቀርጻችሁ ለራሱ አሳዩት።

«ኦድሪ ሄፕበርንስ በሰው ድምፅ ተውናለች አይደል?»

ታሪኩን በግማሹ የያዘ ሰው ጥያቄ ነው። «ማይ ፌር ሌዲ» የተባለው ሙዚቃዊ ቲያትር በ1956 ብሮድዌይ ላይ ሲከፈት ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ኤላይዛን የተጫወተችው ጁሊ አንድሩስ ነበረች። ዋርነር ብራዘርስ ግን ለ1964ቱ ፊልም በፊልም ስም ያላትን ሄፕበርንን መረጠ። ሄፕበርን ዘፈኖቹን ተለማምዳ ራሷ ቀድታቸው ነበር፤ አብዛኛው ተነሥቶ በማርኒ ኒክሰን ድምፅ ተተካ። ፊልሙ 8 ኦስካር ሲሰበስብ ሄፕበርን ለዕጩነት እንኳ አልቀረበችም። የዚያ ዓመት የምርጥ ተዋናይት ሽልማት በ«ሜሪ ፖፒንስ» ለአንድሩስ ሄደ።

ይህችው ኒክሰን በ1956ቱ «ዘ ኪንግ ኤንድ አይ» ለዴቦራ ከር ስትዘፍን ግን ከር ለኦስካር ታጭታለች። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው አብረው ይለማመዱ ነበር። ተኪ ዘፋኝ የግድ ከሆነ ከመጀመሪያው የልምምድ ቀን ጀምሮ ከተዋናዩ ጋር ይቁም፤ ተዋናዩም ይወቅ። ቀረጻው ካለቀ በኋላ የሚጠራ ተኪ የሌላ ሰው ትንፋሽ ይዞ ነው የሚገባው።

«ስቱዲዮ ያስተካክለዋል»

አሁን ዋናዋ። ኦቶቱን የሚባለው የስቱዲዮ ፕሮግራም የሚያርመው የድምፁን ከፍታና ዝቅታ ብቻ ነው። ትንፋሽ አይቀጥልም፣ የተዋጠ ቃል አያወጣም። የእኛን ዘፈን ደግሞ ይጎዳዋል። ፕሮግራሙ በኃይል ሲሠራ ድምፁን ከ12ቱ የፒያኖ ድምፆች ወደ አንዱ ይጎትተዋል። ትዝታ ወይም አንቺሆዬ ሲዘፈን ጉሮሮ ላይ የሚርገበገበውና የሚንሸራተተው ነገር ግን በሁለት ድምፆች መካከል ነው ያለው። ማሽኑ ያንን እንደ ስህተት ቆጥሮ ይላጨዋል፤ ዜማው ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ኳ ኳ ይላል። እርማቱን ቢያላሉት ጌጡ ይተርፋል፣ የሳተው ድምፅም አብሮት ያመልጣል።

«እንግዲያው ኪዩን እናውርድለት» ይባላል፤ ዘፈኑ የሚዘፈንበትን ከፍታ ማለታቸው ነው። ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ግማሽ ድምፅ (ግማሽ ድምፅ ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ነው) ማውረድ ይቻላል። ከዚያ ካለፈ አዳራሹን ያስለቀሰው ጩኸት ተራ ወሬ ይሆናል። የመሣሪያውም ነገር አለ፦ ክራር እንደገና ይቃኛል፣ ማሲንቆ ዘፋኙን ይከተላል፤ ዋሽንት ግን በተበሳበት ድምፅ ነው የሚቀረው። ኪይ ሲቀየር ሌላ ርዝመት ያለው ዋሽንት ይፈለጋል፣ ስለዚህ ዋሽንት ነፊው ኪይ ከመወሰኑ በፊት ይጠራ።

«ክሊፕ ላይ ሁሉም አፉን ያንቀሳቅስ የለ?» የሚልም አይጠፋም። ክሊፕ በየሁለት ሰከንዱ ይቆረጣል፤ ፊልም አንድ ፊት ላይ አንድ ሙሉ ስንኝ ይቆያል፣ ከንፈርም ያሳብቃል። ብ፣ ፕ፣ ጵ እና ም ከንፈር ሳይገጠም አይወጡም፤ ፍሬም በፍሬም ስታዩ በእነሱ ጀምሩ። ቀጥሎ ጥብቀቱን ተመልከቱ። «ልቤን ሰበረው» ሲባል «በ» ይጠብቃል፣ ከንፈሩ ለአፍታ ተገጥሞ ይቆያል። «ይሰብረዋል» ሲባል ይላላል፣ ነካ አድርጎ ይለቃል። ተዋናዩ ይህን ካልለየ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር ይጎረብጠዋል።

ብዙ ጊዜ በተዋናዩ የሚላከክ ሌላ ጥፋት አለ፤ ቀድሞ የተቀዳው ዘፈን ቀረጻ ላይ የሚለቀቅበት የስፒከር ርቀት። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስፒከሩ ከካሜራ እንዲሰወር 17 ሜትር ርቆ ዛፍ ሥር ከተቀመጠ፣ ሙዚቃው ተዋናዩ ጆሮ የሚደርሰው 50 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲቀረጽ አንድ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ሰውየው ምንም ሳያጠፋ ከአንድ ፍሬም በላይ ወደ ኋላ ይቀራል። ስፒከሩን 3 ሜትር ላይ አምጡት።

«በቀጥታ ከተዘፈነ ሁሉም ይፈታል»

በ2012ቱ «ሌ ሚዜራብል» ተዋናዮቹ በጆሯቸው ፒያኖ እየሰሙ ካሜራ ፊት በቀጥታ ዘፈኑ፤ ኦርኬስትራው በኋላ ተጨመረ። አን ሃታዌይ በዚሁ ዘዴ ኦስካር ወሰደች፤ ራስል ክሮው በዚሁ ዘዴ በድምፁ ተተቸ። ቀጥታ መቅዳት ያለውን ያወጣል፣ የሌለውን አያመጣም። ጣና ዳር የምትሞክሩት ከሆነ ደግሞ በጠዋት ቅዱ። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ንፋስ ማይኩ ላይ ያጓራል፤ ማይኩን ፀጉራም መከላከያ አልብሱት፣ ባጃጅ ከሚያልፍበት መንገድም ራቁ።

ውል ከመፈራረም በፊት አንድ ሰዓት ያህል ፈተና ይበቃል። ከዘፈኑ ከፍተኛው ድምፅ ያለባቸውን ሁለት ስንኞች ምረጡ። ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በክራር ብቻ ይሁን። ተዋናዩ ከዘፈኑ በፊት ያለውን ንግግር ይበል፣ ሳያቋርጥ ወደ ዜማው ይግባ፣ ጨርሶም ወደ ንግግሩ ይመለስ። የሚናገረውና የሚዘፍነው ሁለት ሰው ከመሰለ ሚናው የእሱ አይደለም። ከዚያ አሥር ጊዜ አስደግሙት፤ ቀረጻ ላይ መደጋገሙ አይቀርምና። የመጀመሪያውንና አሥረኛውን ቅጂ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አወዳድሩ። ድምፁ ከሻከረና ከፍተኛው ላይ ሲደርስ አገጩን ሽቅብ የሚያነሣ ከሆነ፣ ዘፈን የሌለበትን ሚና ስጡት፤ ስሙ ፖስተሩ ላይ ያው ይጻፋል።