ለጫጩት የሚሰጥ ሙሉ ሰመመን ምንድን ነው?

ሙሉ ሰመመን ማለት እንስሳው ራሱን እንዳያውቅ፣ ሕመም እንዳይሰማውና ጡንቻው እንዲላላ በመድኃኒት ማድረግ ነው። ከእንቅልፍ ይለያል። የተኛች ጫጩት ጣቷን ቆንጠጥ ቢያደርጓት ትነቃለች። ሰመመን ውስጥ ያለችው ግን እግሯን እንኳ አትሰበስብም።

ጫጩት ደግሞ ምን ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል? እግሯ ይሰበራል፤ ድመት ቆዳዋን ትቀድደዋለች። ስላልጮኸች አላመማትም ማለት አይደለም። ስለዚህ ሰመመኑ ይገባታል። ጥያቄው እንዴት በሰላም ትነቃለች የሚለው ነው።

ከመድኃኒቱ በፊት የእጃችን ነገር ይቀድማል። እኛ ስንተነፍስ ደረትና ሆድን የሚለየው ጡንቻ ያግዘናል። ዶሮ ይህ ጡንቻ የላትም። የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷን ከፍ ዝቅ እያደረገች ነው። እንዳታመልጥ ብሎ ደረቷን ጨበጥ ያደረገ ሰው ትንፋሿን ነው የያዘው። በሰመመን ውስጥ ደግሞ ተፍጨርጭራ ማምለጥ አትችልም። ለዚህ ነው ደረቷ ሁልጊዜ ነጻ ሆኖ፣ ከፍ ዝቅ ሲል እየታየ መቆየት ያለበት።

ቀጥሎ ሚዛን ነው። አንድ ቀን የሆናት ጫጩት 40 ግራም ገደማ ትመዝናለች። በግምት አይሆንም፤ እንደ ወርቅ ሠሪ ሚዛን ግራም የሚለይ ያስፈልጋል። ለምን እንደሆነ በሊዶኬይን እንየው። እሱ የተወጋውን ቦታ ብቻ የሚያደነዝዝ ነው፤ ከሰመመኑ ጋር አብሮ ይሰጣል። ለወፎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የጥንቃቄ ገደብ በኪሎ 4 ሚሊግራም ነው። ለእሷ ሲሰላ 0.16 ሚሊግራም ይሆናል። ባለ 2 በመቶው ሊዶኬይን በአንድ ሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ይይዛል። ስለዚህ ድርሻዋ 0.008 ሚሊሊትር ብቻ ነው። ከሲሪንጅ የምትወርድ አንዲት ጠብታ 0.05 ሚሊሊትር ገደማ ናት። አንዲት ጠብታ ከስድስት እጥፍ በላይ ሆነች ማለት ነው! መድኃኒቱ ሳይቀጥን ለጫጩት መቅረብ የለበትም።

ለሰመመኑ ራሱ የሐኪሞች ምርጫ አይሶፍሉሬን የሚባለው ጋዝ ነው። ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ በትንሽ ጭምብል ይሰጣል። ጭምብሉ ከሲሪንጅ ቀፎ ተቆርጦ ሊሠራም ይችላል። የወፍ ሳንባ አየር ሲገባም ሲወጣም ስለሚሠራ ጋዙ ቶሎ ይይዛታል፤ ሲቀነስም ቶሎ ይለቃታል። ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው። የጋዙ ማሽን በሌለበት ኬታሚን የሚባለው የሰመመን መድኃኒት ይወጋል። ብቻውን ግን ጡንቻን ያገትራል፤ እንደ ዳያዜፓም ያለ ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት አብሮት ይሰጣል። አንዴ ከተወጋ ደግሞ መመለሻ የለውም። ኤተር የሚባለውን የድሮ የሰመመን ፈሳሽ በጥጥ ነክሮ ማሽተት ግን ጭራሽ አይሞከርም። መጠኑን መቆጣጠር አይቻልም፤ እሳትም ይነሳል።

ጥልቀቱ ዓይኗ ላይ ይታያል። የዓይኗን ብሌን በእርጥብ ጥጥ ነካ ሲያደርጉት ሦስተኛው የዓይን ሽፋን፣ ማለትም ከጎን የሚመጣው ስስ ሽፋን፣ ቀስ ብሎ ዓይኗን መሻገር አለበት። ካልተንቀሳቀሰ ሰመመኑ ከልክ አልፏል፤ ጋዙ ወዲያው ይቀነሳል።

ብርዱን ብዙዎች ይረሱታል። የአንድ ሳምንት ጫጩት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት የምትፈልገው ገላዋን ራሷ ማሞቅ ስላልቻለች ነው። ስለዚህ ከሥሯ ሙቀት ይደረጋል፤ ላባዋ ብዙ አይነጭም፤ በአልኮልም አትነከርም። ረጅም ጾምም አይሆንላትም፤ ስኳሯ ይወርዳል።

ስትነቃ ፎጣ ላላ ተደርጎ ይጠቀለልባታል፤ ጭንቅላቷ ቀና ይላል። በራሷ እግር እስክትቆም ከአጠገቧ አይራቅም። ውኃና መኖ ከዚያ በኋላ ነው። ወደ እህቶቿ ግን ወዲያው አትመለስም፤ ደም ያዩ ጫጩቶች ቁስሉን ይነቁሩታል።