«ሀ ብሎ መጀመር» እና የአንዲት ፊደል ብዙ ሥራ

በሀዋሳ ለረጅም ዘመን በንግድ የኖረ ሰው በጎልማሳነቱ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ወይም ከደጋ የመጣ ወጣት በሐይቁ ዳር ባለው በአሞራ ገደል የዓሣ ሥራን ከመረብ አያያዝ አንሥቶ ሲማር፣ «ሀ ብሎ ጀመረ» ይባላል። አነጋገሩ አማርኛ በሚነገርበት ሁሉ የታወቀ ነው። «ጀመረ» ከሚለው ብቸኛ ቃል የሚለየውም አንድን ነገር ከመካከሉ ወይም ከሚቀልለው ወገኑ ሳይሆን ከመሠረቱ፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ፣ እስከ መጨረሻው ለመዝለቅ አስቦ መያዝን ስለሚያመለክት ነው። ስለዚህ ትናንት ያቋረጠውን ሥራ ዛሬ ለቀጠለ ሰው «ሀ ብሎ ጀመረ» ማለት አይገባም፤ ይህን ልዩነት ብንጠብቀው ቋንቋችን ይጠቀማል።

የአነጋገሩ ምንጭ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ሥርዓት ሕፃኑ በየኔታ ፊት ተቀምጦ የፊደል ገበታውን በስንደዶ እየጠቆመ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ፣ ሃ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ህ ሳድስ፣ ሆ ሳብዕ» እያለ ይቆጥራል። ትምህርቱ ከጽሕፈት አስቀድሞ በንባብና በቃል የሚሰጥ በመሆኑ አነጋገሩም «ሀ ጽፎ» ሳይሆን «ሀ ብሎ» ሆኖ ቀረ፤ የተማረ ሰውም «ፊደል የቆጠረ» የሚባለው ከዚሁ የተነሣ ነው። ሕፃኑ ፊደሉን ሲጨርስ አቡጊዳ፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወንጌለ ዮሐንስ፣ በመጨረሻም ዳዊት ይጠብቁታል። «ሀ» ያለ ልጅ ይህን ሁሉ መንገድ ጀመረ ማለት ነው፤ የአነጋገሩም ክብደት ከዚህ ይመጣል።

ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጣ አጠር ያለ ምሳሌ አለ፤ «ሀ ባሉ ተዝካር በሉ» ይላል። «ባሉ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ «በማለታቸው ምክንያት» ማለት ነው፤ «ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ» በሚለው ምሳሌ ውስጥ «ባጎረስኩ» እንደሚሠራው ዓይነት ነው። ለሞተ ሰው በሚደረግ ተዝካር ካህናቱ፣ ደብተሮቹና ተማሪዎቹ ስለሚጋበዙ፣ ፊደል የቆጠረ ልጅ ከማዕዱ ድርሻ ያገኛል። ምሳሌውን ጥቂት ተምረው ብዙ በሚበሉ ላይ የተሰነዘረ ነቀፌታ አድርጎ መተርጎም ይቻላል፤ እኔ ግን የትምህርትን ፍሬ የሚያመሰግን መሆኑን አምናለሁ፤ ምክንያቱም ለቆሎ ተማሪ እንጀራ የሚገኘው በትምህርቱ ነበርና።

ለምን «ሀ» መጀመሪያ ሆነ? በዛሬይቱ ሶርያ የባሕር ዳርቻ በነበረችው በጥንታዊቷ ኡጋሪት ከ3 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የሸክላ ጽላት ተገኝቷል፤ በላዩ የተቀረጹት ፊደላትም የሚጀምሩት «ሀ ለ ሐ መ» ብለን በምንቆጥረው ቅደም ተከተል ነው። በደቡብ ዓረቢያ የኖሩ ሕዝቦችም ይህንኑ ተራ ይዘው ነበር። በአቡጊዳ ግን ተራው ይለወጣል፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ» ሲባል ፊደላችን አምስተኛ ወርዳ በኃምስ ድምፅዋ ትገኛለች። አባቶች ደግሞ ለፊደሏ ምሥጢራዊ ትርጓሜ ሰጥተው «ሀ ብሂል ሀልዎቱ ለአብ እምቅድመ ዓለም» ብለዋል፤ ይኸውም አብ ከዓለም በፊት የነበረ መሆኑን ይገልጻል። ሕፃኑ ይህን ሲያነብ ፊደልንና ሃይማኖትን በአንድ ጊዜ ይማራል።

የ«ሀ» ፊደላት በድምፅ አንድ፣ በመልክ ሦስት መሆናቸው ነገሩን ያሰፋዋል። ሃሌ ሉያ የሚጻፍበት «ሃሌታው ሀ»፣ ሐመር የሚጻፍበት «ሐመሩ ሐ»፣ ብዙኃን የሚጻፍበት «ብዙኃኑ ኀ» ይባላል። በግእዝ ልዩነቱ የትርጉም ልዩነት ነው። «መሀረ» ማለት አስተማረ ሲሆን ምሁር ከእርሱ ይወጣል፤ «መሐረ» ማለት ይቅር አለ ሲሆን ምሕረት የእርሱ ነው። «ኀለየ» አሰበ ማለት ነውና ኅሊናን ይወልዳል፤ «ሐለየ» ደግሞ ዘመረ ማለት ነውና ማሕሌትን ያስገኛል። ፊደላቱን እንዳሻን ስናቀያይር እነዚህ ዝምድናዎች ከዓይናችን ይሰወራሉ፤ ይህም ያሳዝነኛል። የከተማችን ስም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በየማስታወቂያ ሰሌዳው «ሀዋሳ»፣ «ሐዋሳ»፣ ቀደም ሲልም «አዋሳ» ተብሎ ይጻፋል፤ ስሙ ከሲዳምኛ የመጣ በመሆኑና ያ ቋንቋ አንድ «ሀ» ብቻ ስላለው፣ ሐመሩን የሚያስገድድ የግእዝ ሥር የለም። ስለዚህ በሃሌታው መጻፉ የተሻለ ይመስለኛል።

ዛሬ «ሀ» በተራ ሰጪነትም ታገለግላለች። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጾች ውስጥ ንዑሳን ነጥቦች በሀ፣ በለ፣ በሐ ይለያሉ፤ የክፍሎች ስምና የፈተና ምርጫዎችም እንዲሁ ናቸው። መምህር መልሱን በቃል ሲናገር «ሀ» ቢል የመጀመሪያው ምርጫ ይሁን ሦስተኛው አይታወቅም፤ ስለዚህ ግእዝ ያልተማረ ተማሪ እንኳ «ሃሌታው ነው ወይስ ሐመሩ?» ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል። በኮምፒውተር ዩኒኮድ ውስጥም የኢትዮጵያ ፊደላት መደዳ የሚከፈተው በ«ሀ» ነው።

በሀዋሳና በዙሪያዋ አነጋገሩ ለአንድ ትውልድ ቃል በቃል እውነት ሆኖ ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ያስተማረ ሲሆን፣ ሲዳምኛም አንዱ ነበረ፤ ማስተማሪያውም የግእዝ ፊደል ነበር። በዚያ ጊዜ ብዙ እናቶችና አባቶች በዕድሜያቸው ማምሻ ሀ ብለዋል። ዛሬ የሲዳማ ልጆች የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን በላቲን ፊደል ይጀምራሉ፤ በአማርኛ ሲናገሩ ግን ስለ አዲስ ሥራም ሆነ ስለ አዲስ ትምህርት «ሀ ብዬ ጀመርኩ» ይላሉ።