አንደኛ ማን ወጣ? የጥንቶቹ የሳይንስ ልቦለድ አፍቃሪዎች ምርጫ

«አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለው የሳይንስ ልቦለድ መጽሔት አሜሪካ ውስጥ መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። መሥራቹ ሁጎ ጌርንስባክ ብዙም ሳይቆይ የአንባቢዎችን ደብዳቤ ከነአድራሻቸው ማውጣት ጀመረ። በየከተማው ብቻቸውን ያነቡ የነበሩ ወጣቶች በዚህ ተገናኙ። ተጻጻፉ፣ ክበብ መሠረቱ፣ ከ1930 ወዲህ ደግሞ የራሳቸውን ትንንሽ መጽሔት በማባዣ ማሽን ማውጣት ያዙ። አፍቃሪ በተሰበሰበበት ደግሞ «ማን ይበልጣል?» የሚል ክርክር አይጠፋም። ድምፅ መስጠቱም ከዚያው ክርክር ወጣ።

በጣም የታወቀው «አናሊቲካል ላቦራቶሪ» ነው። ጆን ካምቤል በሚያዘጋጀው «አስታውንዲንግ» በተባለው የሳይንስ ልቦለድ መጽሔት ላይ በ1938 የጀመረው ዓምድ ነው። አንባቢው እትሙን ይጨርስና ታሪኮቹን በደረጃ አስቀምጦ በደብዳቤ ይልካል። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድን ታሪክ ሁለት ሰው አንደኛ፣ አንድ ሰው ሁለተኛ ቢለው፣ ድምሩ 4 ለ3 ይካፈልና 1.33 ይሆናል። ያነሰ ቁጥር ያለው ያሸንፋል። ሁሉም በአንድ ድምፅ አንደኛ ያለው ታሪክ 1.00 ያገኛል ማለት ነው።

ድምፅ የሚሰጠው ግን ቴምብር ገዝቶ፣ ቁጭ ብሎ የጻፈ ሰው ብቻ ነበር። ዝም ብሎ የሚያነበው ብዙኃን እዚያ ውስጥ የለም። ቢሆንም ቁጥሩ ክብደት ነበረው። ካምቤል በኋላ ላይ አንደኛና ሁለተኛ ለወጡ ታሪኮች ተጨማሪ ክፍያ መስጠት ጀመረ። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ አንድ ተራ አንባቢ የጻፈው ደብዳቤ የደራሲ ኪስ ድረስ ደረሰ።

አፍቃሪዎቹ እርስ በርስም ይመራረጡ ነበር። ዶናልድ ዎልሃይም በ1937 ባቋቋመው «ፋፓ» በተባለ ማኅበር፣ አባላቱ በራሳቸው ወጪ ያባዙትን ጽሑፍ ይለዋወጣሉ። በኋላም ከመካከላቸው ጎበዙን በድምፅ መለየት ጀመሩ። ገንዘብ የሚባል ነገር የለም። ክፍያው «ጽሑፍህን አንብቤዋለሁ፣ ወድጄዋለሁ» መባል ነው። ለዚህ ደስታ «ኢጎቡ» የሚል የራሳቸው ቃል ነበራቸው። ሌሊቱን ሙሉ ማባዣ ሲያዞር ላደረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በ1953 ፊላዴልፊያ ላይ በተካሄደው የሳይንስ ልቦለድ የዓለም ጉባኤ አፍቃሪዎቹ በድምፃቸው ሽልማት ሰጡ። ዛሬ «ሁጎ» የምንለው ሽልማት ነው፤ ስሙ የጌርንስባክ ነው። የሮኬት ቅርጽ ያላቸውን ዋንጫዎች የሠራው ጃክ ማክናይት የተባለ የብረት ባለሙያ ነበር፤ እነሱን ለማድረስ ሲጣደፍ አብዛኛው ጉባኤ አመለጠው። ምርጥ ልቦለድ የአልፍሬድ ቤስተር «ዘ ዲሞሊሽድ ማን» ሆነ። «ቁጥር አንድ አፍቃሪ» ተብሎ የተመረጠው ደግሞ ፎረስት አከርማን ነበር። መድረክ ላይ ወጣና ሽልማቱ የሚገባው ለእንግሊዛዊው አፍቃሪ ለኬን ስሌተር ነው አለ። ከዚያ ሮኬቱን እዚያው ትቶ ወረደ።