46 ነጥብ፤ ግን በማን ላይ? ስለ ኮሌጅ ፉትቦል አኀዞች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል፣ ማለትም ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዛ በሩጫና በውርወራ በሚደረገው የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር፣ ከፍተኛው ምድብ ከ130 በላይ ቡድኖች አሉት። አንድ ቡድን ግን በመደበኛው የውድድር ዘመን የሚጫወተው 12 ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ አብዛኞቹ ሜዳ ላይ ሳይገናኙ ዓመቱ ያልቃል። ያልተገናኙትን የሚያገናኛቸው አኀዝ ነው፤ ክርክሩም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን «ጥቂት ጨዋታ አይተህ አትፍረድ» ሲል፣ ሌላው «ከማን ጋር ተጫውተው ነው?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የሚያጣላቸው የአንዱን በሽታ መድኃኒት ለሌላው ማዘዛቸው ነው።

«ጨዋታው በበዛ ቁጥር አኀዙ ይታመናል»

ናሙና ሲበዛ የሚቀንሰው የዕድል ድርሻ ነው። እኛ «ኳስ ድቡልቡል ናት» እንላለን፤ የአሜሪካዋ ደግሞ ሞላላ ስለሆነች ከእጅ አምልጣ መሬት ስትነካ ወዴት እንደምትነጥር ማንም አያውቅም። ጨዋታው ሲደጋገም የአንዱ ሳምንት ዕድል የሌላውን ሳምንት ገድ ቢስነት እያካካሰ ይሄዳል። የተጋጣሚ ድክመት ግን በመደጋገም አይካካስም። በኪሎ መቶ ግራም የሚሰርቅ ሚዛን ያለው ቡና ነጋዴ አሥር ጊዜ ቢመዝንልን፣ አሥር ጊዜ ያው መቶ ግራም ይጎድልብናል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ 12 ተጫውቶ 12ቱንም አሸነፈ። ያስቆጠረው 554 ነጥብ ነው፤ በአማካይ 46.2። ከተሸናፊዎቹ ሁለቱ አንድ ደረጃ ዝቅ ካለው ምድብ የመጡ ነበሩ፦ ኖርዘርን ኮሎራዶ 63 ለ 6፣ ቻርለስተን ሳውዘርን 66 ለ 10 ተረቱ። እነዚህን ብናወጣቸውም አማካዩ 42.5 ነው፤ አሁንም ያስደነግጣል። ከቀሩት መካከል ግን አይዳሆ በዓመቱ ያሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ ዩታ ስቴት ደግሞ ሁለት። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2008 ሃዋይ ኒው ኦርሊየንስ ላይ በሹገር ቦውል፣ ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚደረግ ትልቅ ጨዋታ፣ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲን ገጠመ። 41 ለ 10 ተሸነፈ።

«እንግዲያው ከተሻሉት ጋር የተደረጉትን ብቻ እንቁጠር»

ይህኛው ብልህ ስለሚመስል ይበልጥ ያሳስታል። ሃዋይ በመጨረሻዎቹ አራት ጨዋታዎች ፍሬስኖ ስቴትን፣ ኔቫዳን፣ ቦይዚ ስቴትንና ዋሽንግተንን ሲገጥም አማካዩ ወደ 34.75 ወረደ። ወደ እውነቱ የቀረበ ይመስላል። ነገር ግን ኔቫዳ ላይ 28 ብቻ ሲያስቆጥር ኮከቡ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሷን የሚወረውረው ተጫዋች) ኮልት ብሬናን በጉዳት ምክንያት አልተሰለፈም። ከአራት ጨዋታ አንዱ ሲጣመም አማካዩን ይዞት ይሄዳል።

የጆርጂያ የ2021 ታሪክ ከዚህም ይብሳል። በ12 ጨዋታ የተቆጠረበት 83 ነጥብ ብቻ ነበር፤ በአማካይ ሰባት እንኳ አይሞላም። በኮንፈረንሱ (ቡድኑ ባለበት የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር) ፍጻሜ ግን አላባማ 41 አስቆጥሮበት 41 ለ 24 ረታው። ያን ምሽት የተመለከተ ሰው የ12ቱን ጨዋታ አኀዝ ቀዶ ቢጥል አይፈረድበትም። ከ37 ቀን በኋላ ሁለቱ በብሔራዊው ፍጻሜ እንደገና ተገናኙ። ያው አላባማ 18 ብቻ አስቆጠረ፤ ጆርጂያም 33 ለ 18 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከኃያል ጋር የተደረገ አንድ ጨዋታም ያው አንድ ጨዋታ ነው።

ምንም ሳይጥሉ እያንዳንዱን ጨዋታ ማረም ይቻላል። በአማካይ 38 ነጥብ በሚቆጠርበት ቡድን ላይ 42 ያስቆጠረ ትርፉ 4 ነው፤ በአማካይ 17 በሚቆጠርበት ላይ 28 ያስቆጠረ ግን 11። የአሥራ ሁለቱ ትርፎች አማካይ ሲወሰድ ናሙናው አይባክንም፣ ተጋጣሚውም አይረሳም።

«ጨዋታው ቢያንስም ሙከራው ብዙ ነው»

አንድ ቡድን ኳሷን ይዞ በጨዋታ 70 ያህል ጊዜ ይሞክራል፤ በዓመት 800 ያህል መሆኑ ነው። ታዲያ የአንድ ቅዳሜ ሙከራዎች ሁሉ ተጋጣሚያቸው አንድ፣ ዝናባቸው አንድ ነው። ከአሥራ ሁለት ድስት 800 ማንኪያ የቀመሰ ሰው የሚያውቀው አሥራ ሁለት ወጥ ነው። በዚያ ላይ 40 ነጥብ የመራ ቡድን ተጠባባቂዎቹን ስለሚያስገባ፣ የመጨረሻው ሩብ ሰዓት አኀዝ ብዙ ጊዜ የሌሎች ልጆች ነው።

«የተጋጣሚ ጥንካሬ የሚታወቀው ባሸነፈው ብዛት ነው»

በዚህ ስሌት የ2007ቱ ሃዋይ ከአገሪቱ እጅግ አስፈሪ ተጋጣሚ ነበር። የተጋጣሚውን ጥንካሬ ለማወቅ የተጋጣሚውን ተጋጣሚዎች ማወቅ ስለሚያስፈልግ፣ ኮምፒውተሮች የሁሉንም ቡድኖች ደረጃ በአንድ ላይ እየደጋገሙ ያሰላሉ። በውድድሩ መጀመሪያ፣ በመስከረም፣ የተጋጣሚዎቹ ሰንሰለት ገና ስላልተያያዘ፣ አንዳንድ ቀማሪዎች ያለፈውን ዓመት ውጤትና የአዲስ ምልምሎችን ጥራት ይጨምሩበታል።

«እከሌ እከሌን ካሸነፈ ይበልጠዋል»

እ.ኤ.አ. በ2014 በሁለተኛው ሳምንት ቨርጂኒያ ቴክ ኦሃዮ ስቴትን በገዛ ሜዳው 35 ለ 21 ረታው፤ የኦሃዮው ኳርተርባክ ገና ሁለተኛ ጨዋታው ነበር። ቨርጂኒያ ቴክ ዓመቱን ሰባት አሸንፎ ስድስት ተሸንፎ ጨረሰ። ኦሃዮ ስቴት ደግሞ ዊስኮንሲንን 59 ለ 0፣ አላባማን 42 ለ 35፣ በፍጻሜው ኦሪገንን 42 ለ 20 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ።