ዝቅ ያለ ቤዝ ለምን ይድበሰበሳል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ቤዝ ጊታሩን አዝሎ መጣ። ገና ሳይቀመጥ «ጋሼ፣ ፒክአፑ ሞቷል መሰለኝ» አለኝ፤ የክሩን ርግብግብታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ዕቃ ማለቱ ነው። ተቀብዬ አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ላይ ሰካሁትና ወፍራሙን ክር ነካ አደረግኩት። ክሩ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወዛወዘ። ከፍሬቱ፣ ማለትም አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ብረቶች ጋር፣ ሲጋጭ በዓይን ይታያል። ድምፁማ ከሦስተኛ ቤት የሚሰማ ወፍጮ ነው። ይንጎዳጎዳል እንጂ የትኛው ኖታ እንደሆነ አይለይም።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ቤዙ ባለ 4 ክር ነው። ልጁ ኢ የሚባለው ኖታ ላይ የነበረውን ክር አላልቶ አላልቶ ቢ የሚባለው ዝቅ ያለ ኖታ ላይ አድርሶታል፤ ክሩን ግን አልቀየረም። በዚያ ላይ የቤዝ ቁልፉ (ወፍራሙን ድምፅ የሚጨምረው) እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፣ ትሬብሉ (ቀጭኑን የሚጨምረው) ዜሮ ላይ ነው።

«ማን ነው እንዲህ አድርግ ያለህ?»

«ሁሉም።»

አልዋሸም። ጊታር መጠገንና ለባንዶች ድምፅ ማስተካከል ከጀመርኩ ወዲህ የምሰማው ይህንኑ ምክር ነው። ሰልችቶኛል። ስለዚህ ልጻፈውና ቀጥሎ የሚመጣውን ይህንን አንብብ ልበለው።

«ክር ያው ክር ነው፤ ማላላት ብቻ ነው»

አይደለም። የተለመደው የቤዝ ኢ ክር 41 ሄርዝ ገደማ ነው፣ ማለትም በሰከንድ 41 ጊዜ ይርገበገባል። ቢ 31 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። የክሩ ውጥረት ግን የሚቀንሰው በሄርዙ ልክ ሳይሆን በሄርዙ ካሬ ነው። ኢን ወደ ቢ ስታወርደው ከውጥረቱ 44 በመቶው ይጠፋል። 105 የሚባለው ክር (ውፍረቱ በሺህኛ ኢንች ነው) ኢ ላይ ሲቃኝ ወደ 18 ኪሎ ይስባል። ቢ ላይ 10 ኪሎ ይቀረዋል። በ10 ኪሎ የተወጠረ ወፍራም ሽቦ ምን ዓይነት ድምፅ እንዲሰጥህ ትጠብቃለህ?

መፍትሔው ቀላል ነው። የባለ 5 ክር ፓኬት ግዛ። ጂ የሚባለውን ቀጭኑን ክር አስቀምጠውና ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ አድርገህ እሰር። የፓኬቱ ቢ አብዛኛውን ጊዜ 130 አካባቢ ነው። ብዙ ሰው ይህንን ሰምቶ ይገዛና ራሱ አስሮ «አልሠራም» ብሎ ይመለሳል። ይሠራል፤ ግን ሥራ አለው። 105 የሚያስገባው የነት (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ የሚያርፍበት) ጎድጓዳ 130 አያስገባም፣ ስለዚህ መሞረድ አለበት። ክሩ ካልገባ ከላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ያለው ድምፅ ሁሉ ከቅኝት ይወጣል። ብሪጁ (ክሩ ከታች የሚያርፍበት) ላይ ያለው መቀመጫም ለወፍራም ክር ወደ ኋላ መሳብ ይፈልጋል። ጠቅላላ ውጥረቱ ከተቀየረ ደግሞ አንገቱ ይንቀሳቀሳል። ውጥረት ሲቀንስ አንገት ወደ ኋላ ይቃናል፣ መጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ መንጫጫት ይጀምራል። ያኔ ትረስ ሮዱን፣ አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት፣ ትንሽ ማላላት ነው። ሩብ ዙር። ከዚያ አንድ ቀን አሳድረው። ሩብ ዙር ስልህ ሩብ ዙር ነው፤ በመፍቻ የታገለውን ሰው አንገት አይቻለሁ፣ የእንጨቱን ማለቴ ነው።

«ክሩ 35 ኢንች ካልረዘመ ቢ አይሰማም»

ፌንደር በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ሲያወጣ የክሩን ርዝመት 34 ኢንች አደረገው። ዛሬም አብዛኛው ቤዝ እዚያው ነው። ርዝመት ይረዳል፣ አልክድም። ያው ክር በያው ቅኝት ከ34 ወደ 35 ቢሄድ 6 በመቶ ገደማ ውጥረት ያገኛል። ፍሬታቸው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋው ብዙዎቹ ዲንግዎል የሚባል ኩባንያ ቤዞች ወፍራሙን ክር 37 ኢንች ያደርሱታል፤ ያ 18 በመቶ ነው፣ እጅህ ላይ ይታወቅሃል። ግን በጥሩ ክርና በጥሩ ማስተካከያ ልቅም ያለ ቢ የሚሰጡ ባለ 34 ቤዞች ሞልተዋል። መጀመሪያ ክሩን ቀይር። ጊታር ለመቀየር ትደርስበታለህ።

«ዝቅ ያለ ስለሆነ ቤዙን ጨምርበት»

መጣን። ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው።

ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው፦ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ወፍራም ድምፅ ማለት ቤዝ ነው፣ ካልተሰማ ቤዝ ይጨመርበት። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ጆሮ ግን እንዲህ አይሠራም።

አንድ ክር ሲመታ አንድ ድምፅ ብቻ አይወጣውም። ቢ ስትመታ 31 ሄርዝ ላይ መሠረቱ አለ። በላዩ 62፣ 93፣ 124፣ 155 እያለ ይደረደራል። ጆሯችን ኖታውን የሚለየው በአብዛኛው ከእነዚህ ከላይ ካሉት ነው። መሠረቱ ጭራሽ ባይኖር እንኳ አንጎላችን በመካከላቸው ያለውን የ31 ልዩነት ይዞ «ይሄ ቢ ነው» ይላል። ማስረጃ ከፈለግህ ስልክህን አውጣ። የስልክ ስፒከር 31 ሄርዝ ማውጣት አይችልም፣ አጠገቡም አይደርስም። ሆኖም ታክሲ ውስጥ በስልክህ የምትሰማውን የቤዝ መስመር ታንጎራጉረዋለህ። ከየት ሰማኸው?

ስልኩን ተወው፣ ትልቁን እንይ። ሮክ ባንዶች ለዓመታት ከጀርባቸው የገተሩት የአምፔግ ሳጥን አለ፣ 10 ኢንች የሆኑ 8 ስፒከሮች ያሉት፣ ፍሪጅ የሚያህል። አምራቹ ራሱ በሚያወጣው መግለጫ ከ58 ሄርዝ በታች ድምፁ እየደከመ ነው የሚሄደው። የኢ ክር መሠረት እንኳ 41 ነው። ይህ ሁሉ ሰው «አቤት ቤዝ!» ሲል የኖረው መሠረቱን በሙሉ ኃይሉ ሳይሰማው ነው።

የእኛ አባቶች ግን ይህ ገብቷቸው ነበር። በገናን እይ። 10 አውታር፣ ወፍራም ድምፅ። በአውታሩና በብሪጁ መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳዋን እየነካ «ዝዝዝ» ይላል። ያ ዝዝታ ጌጥ አይደለም። ከመሠረቱ በላይ ያለውን ድምፅ ሁሉ የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። በዐቢይ ጾም እናቴ ጓዳ ውስጥ የምትከፍታት ሬዲዮ ስፒከሯ የሻይ ስኒ ማስቀመጫ አትበልጥም። በገናው ግን ፍንትው ብሎ ይሰማል። እንዚራዋን አውጥተህ ቤዝ ጨምርበት ብልህ ምን ትለኛለህ?

ሌላም ችግር አለ። ኃይል። 10 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) መጨመር ማለት 10 እጥፍ ኃይል መጠየቅ ነው። የቤዝ ቁልፉን እስከ መጨረሻ ስታዞረው ባለ 100 ዋት አምፕህን ለዚያ ለማይሰማው ክፍል 1000 ዋት አምጣ እያልከው ነው። ከየት ያመጣል? ይታፈናል። ሲታፈን ደግሞ የሚሰማውንም ክፍል ይዞ ይታፈናል። ስፒከሩ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ሲራወጥ ታየዋለህ፣ ጆሮህ ግን ምንም አያገኝም።

አንድ ጊዜ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሚክሰሩ ላይ ነበርኩ። ቤዙን የሚጫወተው ልጅ ባለ 5 ክር ይዟል። በየመዝሙሩ መሃል ዞር እያለ «ወንድሜ፣ ቤዝ ጨምርልኝ» ይለኛል። ጨመርኩለት። የጣሪያው ቆርቆሮ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «አሁንም አይሰማኝም!» በመጨረሻ አንድ ነገር አደረግኩ። እያየኝ ቁልፉን ያዝኩና ቤዙን ቀነስኩት። 250 ሄርዝ አካባቢ ያለውንም ትንሽ ቆረጥኩ። 800 አካባቢ ጨመርኩ። ልጁ አውራ ጣቱን አነሳልኝ፦ «አዎ! አሁን ገና ጨመርክልኝ!»

እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

እና ምን ላድርግ ካልከኝ፦ የቤዝ ቁልፉን መሃል ላይ አቁመው። ሃይፓስ የሚባለው ማጣሪያ ካለህ ከ30 ሄርዝ በታች ያለውን ቁረጥ፤ እዚያ ያለው የእጅህ ግፊትና የመድረኩ መንቀጥቀጥ ነው እንጂ ሙዚቃ አይደለም። ከ200 እስከ 300 ባለው ውስጥ በትንሹ ቀንስ፣ የመድበስበሱ ጎሬ እዚያ ነው። ከ700 እስከ 1500 ባለው ውስጥ ደግሞ የጣትህ ምት እስኪሰማ ጨምር። ብቻህን ስትጫወት ድምፁ ይቀጥንብሃል፣ ይሻክርብሃልም። አትደንግጥ። ድራሙና ጊታሩ ሲገቡ ቦታውን ያገኛል። ቤት ውስጥ ብቻውን ሲሰማ የሚያምር ቤዝ ባንድ ውስጥ ሲገባ መጥፋቱ የተለመደ ነው።

ቀረጻ ላይ ከሆንክ ደግሞ ድምፁን ለሁለት ክፈለው። ከታች ያለውን ንጹሕ አድርገህ ድምፁን እኩል በሚያደርገው በኮምፕረሰር አጥብቀህ ያዘው። ከላይ ባለው ላይ ድምፁን የሚያሻክረውን ዲስቶርሽን ጫንበት። ሁለቱን አደባልቅ። ሄቪ ሜታል የሚሠሩ ሰዎች ቤዛቸው ያን ያህል ወርዶ የሚነበበው በአብዛኛው በዚህ ዘዴ ነው። እንዚራዋ በኤሌክትሪክ መጣች በለው።

«ቤዝ ሁልጊዜ ከጊታሩ አንድ ኦክታቭ መውረድ አለበት»

ማን ደነገገው? አንድ ኦክታቭ መውረድ ማለት ሄርዙን በግማሽ መቀነስ ነው። የባለ 8 ክር ጊታር ወፍራሙ ክር ኤፍ ሻርፕ ነው፣ 46 ሄርዝ። ቤዝህ ኦክታቭ ልውረድ ካለ 23 ላይ ይገባል። የሰው ጆሮ በ20 አካባቢ ያቆማል። እዚያ ወርደህ ከማን ጋር ልትጫወት ነው? ከጊታሩ ጋር እኩል ቁም፤ ክሩ በመወፈሩ ብቻ የተለየ ድምፅ ይኖርሃል።

«በኃይል ስትመታው ነው የሚወጣው»

መቃኛውን ክፈትና ላላ ያለውን ክር በኃይል ምታው። መርፌው ወደ ላይ ይዘላል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። ማለትም እያንዳንዱ ኖታህ ከቅኝት ውጭ ጀምሮ ነው የሚያልቀው። ጣትህን ወደ ብሪጁ ጠጋ አድርግና ለስለስ አድርገህ ምታ። ድምፅ ካነሰህ አምፑ ላይ ጨምር፤ አምፕ የተፈጠረው ለዚህ ነው።

ቀሪዎቹን ባጭሩ።

«መቃኛው ቢን አያነብም፣ ተበላሽቷል።» አልተበላሸም። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫን ነካ አድርገህ ምታው (ሃርሞኒክ ይሉታል)፣ 62 ሄርዝ ላይ ያገኘዋል።

«ክር እስኪበጠስ ይሠራል።» የቤዝ ክር ከመበጠሱ በፊት ብዙ ቆይቶ ይሞታል። ላብና እድፍ መጀመሪያ የሚበላው ከላይ ያለውን ድምፅ ነው፤ የምንፈልገውን ማለት ነው።

«የ31 ሄርዝ ሞገድ 11 ሜትር ስለሆነ ትንሽ ክፍል ውስጥ አይሰማም።» ሄድፎን ጆሮህ ላይ ስታደርግ ስንት ሜትር አለ?

«ፒክአፑን ልቀይረው።» ተው።

ወደ ልጁ ልመለስ። የባለ 5 ክር ፓኬት አስገዛሁት። ነቱን ሞረድኩ፣ መቀመጫውን ሳብኩ፣ ትረስ ሮዱን ነካ አደረግኩ። ፒክአፑን አልነካሁትም። በማግስቱ መጥቶ ተቀመጠና ቢን መታ። ኖታው ተሰማ። ቢ ነው፣ ምንም የሚያጠራጥር የለውም። ደግሞ መታው። ፊቱ በራ።

«ጋሼ፣ ፒክአፑን ቀየርከው እንዴ?»

ከዚያ እጁ በልማድ ወደ ቤዝ ቁልፉ ስትሄድ አየኋትና ቀብ አደረግኳት።