ከባንድ ወደ ሶሎ የሚወጣ ጊታሪስት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር «ባንዱን ትቼ ለብቻዬ ልጫወት» የሚል የሮክ ጊታሪስት አይጠፋም። ውሳኔው ግን ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ግምት ላይ ይቆማል።

«ሶሎ ለመሥራት ከባንድ መውጣት ግድ ነው»
አይደለም። ኪስ (KISS) የተባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ አራት አባላት በ1978 እ.ኤ.አ. ባንዱን ሳይለቁ፣ በአንድ ቀን የየራሳቸውን አልበም አውጥተዋል። ጊታሪስቱ ኤስ ፍሬሊ አንዱ ነበር።

«ከወጡ ዝናው ወዲያው ይመጣል»
ጊታሪስቱ ፒተር ፍራምፕተን ሀምብል ፓይ የተባለውን ባንድ የለቀቀው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ስሙን ያስጠራው የመድረክ አልበም የወጣው በ1976፣ ከአራት የስቱዲዮ አልበሞች በኋላ ነው። የድሬው ልጅ አሊ ቢራም በአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ተኮትኩቶ፣ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሠርቶ ነው ለብቻው የገነነው።

«ሊድ በደንብ የሚመታ ለብቻው ይበቃል»
መድረክ ላይ ብዙዎችን የሚያጋልጠው ይሄ ነው። ባንድ ውስጥ ሊዱ (ዜማውን ለብቻው የሚያወጣው የጊታር ክፍል) ሲጀምር ቤዙና ኪቦርዱ ኮርዱን (አንድ ላይ የሚሰሙትን አጃቢ ድምፆች) ይዘው ይጠብቃሉ። ብቻችሁን ስትሆኑ ኮርዱን ትታችሁ ሊድ ውስጥ ስትገቡ ከሥር ባዶ ይሆናል። አውራ ጣት በወፍራሞቹ ክሮች (6ኛ፣ 5ኛ፣ 4ኛ) ቤዙን ይያዝ፤ ሌሎቹ ጣቶች በቀጫጭኖቹ ዜማውን ይጫወቱ። ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረው የሮክ ኢፌክት) ሲበዛ የኮርዱ ድምፆች ስለሚደበላለቁ ኮርድ ስትመቱ የጊታሩን ቮልዩም ወደ 6 ዝቅ አድርጉ፣ ለሊድ ወደ 10 መልሱት።

ሉፐር (የተጫወታችሁትን ቀድቶ እየደጋገመ የሚያሰማ ፔዳል) የምትጠቀሙ ከሆነ አራት ባር (የምት ዙር) ቀድታችሁ ፔዳሉን የምትረግጡት ልክ የአምስተኛው ባር የመጀመሪያ ምት ላይ ነው። ከዘገያችሁ ያቺው ክፍተት በየዙሩ ትመለሳለች፣ ምቱም ይሰነካከላል። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ፔዳሉን ለመዳሰስ ያስቸግራል፤ የተለማመዳችሁበትን ጫማ መድረክም ላይ አድርጉ።

«የሮክ ሰው ለትዝታ ቅኝት ከዜሮ ይጀምራል»
ጣቶቹ እኮ ያውቁታል! በሮክ የተለመደው ባለ አምስት ድምፅ ስኬል፣ የኤ ማይነር ፔንታቶኒክ፣ ድምፆች ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ናቸው። ከሲ የሚነሳው ትዝታ ሜጀርም እነዚሁ አምስቱ ነው። የሚለየው ማረፊያው ነው፤ እጅ በልማድ ወደ ኤ ሲመለስ ትዝታው ይጠፋል። 5ኛውን ክር 3ኛው ፍሬት ላይ ይዛችሁ ሲን እያሰማችሁ፣ እያንዳንዱን ሐረግ ሲ ላይ አሳርፉ።

«ሐረር የተቃኘ ጊታር ድሬም እንደተቃኘ ይደርሳል»
ቁልቁል ወርዳችሁ ሙቀቱ ሲቀበላችሁ የብረት ክር ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል። ባንድ ውስጥ ሊደበቅ ይችላል፤ ለብቻ ግን ወዲያው ይሰማል። ጊታሩን ከቦርሳው አውጥታችሁ መድረኩ አጠገብ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩት፣ ከዚያ ቃኙት። ላብ ክር ስለሚያዝግ በየዘፈኑ መሃል በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።